ለባለቤቱ የተቀመጠ እርቦ

የማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር በምሥራቅ በኩል እንደ ክርን ይታጠፋል። ቀጥ ብሎ ይመጣና የኳስ ሜዳው ዘንድ ሲደርስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የሜዳውን አንድ ጥግ ቆርሶ፣ መልሶ ወደ መንገዱ ይወጣል። እኔም የተማርኩት እዚያው ነው። ልጆች ሳለን "አጥሩን የሠራው ሰው ሰክሮ ነበር" እንባባል ነበር፤ መምህርት ሆኜ ስመለስ ተማሪዎቼ ይህንኑ ሲሉ ሰማኋቸው። ምክንያቱን የማላውቀው ነገር ዕረፍት ይነሣኛል። የጂኦግራፊ መምህርት የሆንኩትም ለዚህ ይመስለኛል። ምክንያቱን ካወቅሁ ደግሞ ለሰው ሁሉ ካላስረዳሁ አልተውም፤ አባቴ "መምህርት፣ ደወሉ ተደውሏል እኮ" እያሉ ያስቆሙኛል።

ከአጥሩ ማዶ ባዶ መሬት ነበር። እኛ በምንኖርበት፣ ሽኩና ዳሌት በሚባለው የእስራኤሏ ቤርሼቫ ከተማ ሰፈር፣ ከአሮጌዎቹ ሕንፃዎች ጀርባ እንደ መቀነት ረዝሞ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ወንዝ ስል ውሃ እንዳይታያችሁ፤ በቤርሼቫ ወንዝ ማለት ከጥቂት የክረምት ቀናት በቀር ደረቅ አሸዋ ነው። ልጅ ሳለሁ እዚያ ባዶ መሬት ላይ አሮጌ ፍራሽና የተሰበረ ወንበር ይጣል ነበር። አባቴ ከፋብሪካው ጡረታ ሲወጡ፣ ከጥቂት የዕድሜ ጓደኞቻቸው ጋር ቆሻሻውን ጠርገው አፈሩን ገለበጡት። በቆሎ፣ ጎመን፣ ዱባና ቃሪያ ዘሩበት። ውሃውን ከቤት በጀሪካን ሞልተው፣ አሮጊቶች ገበያ በሚጎትቱት ባለ ጎማ ጋሪ ያመላልሱት ነበር።

አንድ ልማድ ግን ነበራቸው፤ እሱን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። አባቴ በተወለዱበት የጎንደር መንደር የእኛ ሰዎች ርስት አልነበራቸውም። መሬቱ የሌላ ሰው ነው። የእኛ ሰው ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፤ ከምርቱ ከአራት አንዱን፣ እርቦ የሚባለውን፣ ለባለ ርስቱ ያስረክባል። ባለ ርስቱ በፈለገ ቀን "ተነሣ" ካለው ይነሣል። አባቴ ጎልማሳ ሲሆኑ አዋጁ ተለወጠ፤ ከዚያም ወደ እስራኤል መጣን፤ ልማዱ ግን ከእጃቸው አልወጣም። ባዶው መሬት ላይ ምርት በሰበሰቡ ቁጥር አራት ክምር ያደርጋሉ። አራተኛው የባለቤቱ ነው።

"የየትኛው ባለቤት?" እላለሁ።

"ባለቤት የሌለው መሬት የለም። አንድ ቀን ይመጣል።"

ባለቤቱ ስላልመጣ አራተኛው ክምር በምድር ቤት ወደምትኖረው፣ ከሩሲያ ወደመጣችው አሮጊት ጎረቤታችን ይሄድ ነበር። አባቴ በአደራ እንደሰጧት ያስባሉ። እሷ ሾርባ ትሠራበታለች።

ከፈረንጆቹ 2010 ወዲህ ባሉት ዓመታት ከተማዋ በሙሉ ትቆፈር ጀመር። ጠዋት ከመስኮት ስመለከት የክሬኖቹ ብዛት በየወሩ ይጨምራል። የባቡሩ ሐዲድ ሁለት ሆኖ ነበር፤ በወንዙ ዳር ቆሻሻ መጣያ የነበረው ቦታ መናፈሻ እየሆነ ነበር። አንድ ቀን በበጋ በየሕንፃው መግቢያ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ኢሪያው፣ ማለትም የከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ የጎርፍ ቦይና የእግር መንገድ ስለሚሠራ ነዋሪዎች መጥተው ዕቅዱን እንዲሰሙ ይጠራል።

ለአባቴ አነበብኩላቸው። ጡረታ በወጡ ሰሞን እንዴት እንደነበሩ አልረሳሁትም፤ ከማይገባቸው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ቤታችን እፎይ ያለው በዚያ መሬት ነው። አሁን ሊወሰድ ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ፈገግ አሉ።

"እንግዲህ ባለቤቱ መጣ።"

የስብሰባው ቀን በማትናሱ፣ ልጆች ከትምህርት በኋላ በሚሰበሰቡበት የሰፈሩ አዳራሽ በር ላይ ስደርስ፣ አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ጋሪያቸውን ሲጎትቱ አገኘኋቸው። ጋሪው ላይ በቆሎ የሞላ ጆንያ አለ። የእርሻ ጓደኛቸው፣ አፈኛው ሽማግሌ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

"አንተ ሰውዬ፣ የመጣኸው ገበያ ነው?"

"ባለቤቱ ባዶ እጁን ይመለስ?"

"ባለቤቱ ኢሪያ ነው! ኢሪያ በቆሎ ሲበላ አይተህ ታውቃለህ?"

"ሠራተኞቹስ አይበሉም?"

"ተው፣ ልጅህን አታሳፍራት። መምህርት ናት።"

አባቴ ጋሪውን እየጎተቱ ገቡ።

ዕቅዱን ልታስረዳ የመጣችው መሐንዲስ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ነበረች። ኮምፒዩተሯን ግድግዳው ላይ ምስል ከሚያበራው መሣሪያ ጋር እያገናኘች ሳለ አባቴ ጆንያውን እግሯ ሥር አስቀምጠው ጎንበስ አሉ።

"እመቤቴ፣ የመሬትዎ እርቦ ነው። ያለፈው፣ በአደራ ያኖርኩት፣ ተበልቷል፤ ይቅር ይበሉኝ።"

ተረጎምኩላት። እሷም ጆንያውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደ መደንገጥም አለች።

"ይህን መቀበል አልችልም። የመንግሥት ሠራተኛ ስጦታ መውሰድ ክልክል ነው። እባክሽ ንገሪያቸው፤ በፍጹም አይቻልም።"

ይህንንም ተረጎምኩ። ያኔ የአባቴ ፊት እንደ አመድ ሆነ፤ ምን እንዳልኩ የገባኝ ፊታቸውን ካየሁ በኋላ ነው። በእነሱ አገር ባለ ርስቱ እርቦውን "አልቀበልም" ካለ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ተነሣ፣ ልቀቅ ማለት ነው። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው "እሺ፣ እስከ መቼ እንድነሣ ነው?" አሉኝ፣ እሷን ሳይሆን እኔን።

ለመሐንዲሷ በችኮላ አስረዳኋት፤ ስለ ጎንደር፣ ስለ እርቦ፣ "አልቀበልም" ስለሚለው ቃል። አዳራሹ ሙሉ ሰው እየጠበቀ ስለነበር ደወሉ ሳይደወልብኝ በፊት ጨረስኩ። እሷ ጥቂት አሰበችና አባቴን በእጇ ወደ ግድግዳው ጋበዘቻቸው።

"የመሬቱ ባለቤት እኔ አይደለሁም። ይምጡ፣ ላሳይዎ።"

ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ ካርታ በራ። ሰፈራችን ነው፤ ሕንፃ ግን የለበትም። ሕንፃዎቹ ከመሠራታቸው በፊት በእጅ የተሣለ ነው። በባዶው በረሃ መካከል፣ ከላይ እስከ ወንዙ፣ ሁለት ቀጭን መሥመሮች ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ በመካከላቸውም ምንም እንዳይሠራ በዕብራይስጥ ተጽፏል። ሰፈሩን ያቀደው ሰው፣ መሐንዲሷ እንዳለችው፣ ኮረብታዎቹን አይቶ ውሃው አንድ ቀን በዚህ እንደሚመጣ አሰበ። ያኔ ቦይ ለመሥራት ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ የሚቻለውን አደረገ፤ መንገዱን ለውሃው ክፍት ተወለት።

ከዚያ በአሮጌው ካርታ ላይ የዛሬውን ደረበችበት። ሕንፃዎቹ መጡ፣ የመብራት ምሰሶዎቹ መጡ፣ አንዳቸውም መሥመሩን አልነኩም። ትምህርት ቤታችንም መጣ። መሥመሩ የኳስ ሜዳው ዘንድ ሲደርስ ይታጠፋል፤ አጥሩም አብሮት እንደ ክርን ታጠፈ።

ቆሜ ቀረሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ አጥር ሥር አልፌአለሁ። ከመወለዴ በፊት አንድ የማላውቀው ሰው በእርሳስ ያሰመረው መሥመር፣ እኔ ኳስ ስፈልግ ጉልበቴን የቧጨርኩበት አጥር ሆኖ ሲጠብቀኝ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩት ግን መሥመሩን ስለጠበቁት ሰዎች ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስንቱ ነጋዴ እዚያ ጋራዥ ልሥራ፣ ኪዮስክ ላቁም ብሎ ጠይቋል! ስንት ከንቲባ፣ ስንት ጸሐፊ ተለዋውጧል! አንዱ "እሺ" ቢል ኖሮ ያበቃ ነበር። ሁሉም ተራ በተራ "አይሆንም" አሉ፤ ምን እንደሚጠብቁ እንኳ በዓይናቸው ሳያዩ። እኛ ባዶ መሬት የምንለው ያን ሁሉ ጊዜ ባዶ አልነበረም፤ በሥራ ላይ ነበር።

አባቴ ግን ጥያቄያቸውን አልረሱም። "ታዲያ ባለቤቱ ማን ነው?"

"ሕዝቡ ነው" አለች መሐንዲሷ። "እዚህ ከተማ የሚኖር ሁሉ። እርስዎም።"

አባቴ አዳራሹን ዞረው ተመለከቱ፤ ሩሲያዊቷ ጎረቤታችን ከፊት ተቀምጣለች፣ ከሞሮኮ የመጡት ባለ ሱቅ በር ላይ ቆመዋል፣ ወታደሮች፣ ተማሪዎቼና እናቶቻቸው አሉ። ከዚያ ጆንያውን ፈቱና በየወንበሩ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ በቆሎ አደሉ። ነገሩ የገባውም ያልገባውም ሁሉም ተቀበለ። መሐንዲሷ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

"አንቺስ ልጄ፣ የት ነው የምትኖሪው?"

"ዖሜር" አለች። ዖሜር ከከተማችን አጠገብ ያለች፣ ባለ ግቢ ቤቶች ያሉባት የሀብታሞች መንደር ናት።

"እንግዲያው አይደርስሽም" አሉና አለፏት። ስተረጉምላት ከሁሉ በላይ የሳቀችው እሷ ነበረች።

ሳቁ ሲበርድ ከባዱን ነገር ነገረችን። እርሻው ይቆፈራል። ሥራው ሁለት ክረምት ይፈጃል። ከጎርፉ መሥመር በላይ ያለው ጠርዝ በዕቅዱ ለአትክልት የተተወ ስለሆነ፣ ለሽማግሌዎቹ በየድርሻው እንዲከፈል ትጠይቃለች። "መጠየቅ እችላለሁ፤ ቃል መግባት አልችልም" አለች።

"ሁለት ክረምት!" አሉ አፈኛው ጓደኛቸው ወደ ቤት ስንመለስ። "አንተ እኮ ዘንድሮ ጉልበትህ ደረጃ አይወጣም። ያንን መሬት የምታየው ከመቃብር ሆነህ ነው።"

"ከመቃብር አይታይም። ስለዚህ እጠብቃለሁ" አሉ አባቴ።

ጠበቁ። ቆፋሪው መኪና ሲመጣ በቆሎውን ነቅለው ዘሩን አስቀሩ። ዘር ሲከርም ይደክማልና፣ በረንዳችን ላይ በቀለም ባልዲዎች በቆሎ ዘሩ፤ የሚበላ ፍሬ አልወጣውም፣ ለዘር ግን በቃ። ጠዋት ጠዋት ቁፋሮው ዘንድ ሄደው ይቆማሉ። ሠራተኞቹ "ተቆጣጣሪው መጣ" ይሏቸው ጀመር። ስለ ድርሻው ከኢሪያው ለረዥም ጊዜ ምንም አልተሰማም፤ እኔ ስደውል "ገና አልተወሰነም" ይሉኛል። አባቴ አይጠይቁኝም፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ፊቴን ያያሉ።

በሁለተኛው ክረምት፣ ቦይው ድንጋይ ለብሶ ባለቀ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ ትምህርት ላይ ሳለሁ ከውጭ እንደ ከባድ መኪና የሚጮኽ ድምፅ ሰማን። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ልጆቹ ተነሥተው ሮጡ፤ እኔም ከኋላቸው። ከሰሜን ኮረብታዎች የወረደ ቡናማ ውሃ ቅርንጫፍና ፕላስቲክ እየገፋ ቦይውን ሞልቶ ይመጣል። የኳስ ሜዳው ዘንድ ሲደርስ ታጠፈ። ከአጥሩ ጋር አብሮ፣ ልክ በክርኑ፣ እንደ ታዘዘ ታጠፈና ወደ ወንዙ ወረደ። እግራችን ሥር መሬቱ ይርዳል። አባቴ ከአጥሩ ማዶ ባለው መንገድ ላይ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

"መምህርት፣ በይ እንጂ፣ አስረጂን!" ብለው በውሃው ድምፅ ላይ ጮኹ።

ከእኔ ቀድሞ የተናገረው አንድ ተማሪዬ ነው፤ "መምህርት! ሰውዬው አልሰከረም ነበር ማለት ነው!"

በዚያ ክረምት፣ ሌላ ጊዜ ጎርፍ ቤቷ ሲገባ ረጥቦ በረንዳ ላይ ሲደርቅ የምናየው የሩሲያዊቷ ጎረቤታችን ምንጣፍ ከቤቷ አልወጣም።

በፀደይ መሐንዲሷ ራሷ መጣች። ጠርዙ ተፈቅዷል፤ ለየሽማግሌው አንዳንድ መደብ፣ ለየመደቡም የውሃ ቧንቧ። አባቴ ቧንቧውን ከፍተው ውሃውን አዩት፣ ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱት። ከበረንዳው ባልዲ ያተረፉትን ዘር በዚያው ቀን ዘሩ።

በበጋው ምርት ሲሰበስቡ ላግዛቸው ሄድኩ። በቆሎው፣ ዱባው፣ ቃሪያው ሁሉ አንድ ላይ ተከምሯል። ዙሪያውን ፈለግሁ።

"አባዬ፣ አራተኛው ክምር የታለ?"

"የማን?"

"የባለቤቱ ነዋ።"

ቀና ብለው አዩኝ። ከጀርባቸው ቦይው ደርቆ፣ ልጆች በብስክሌት ይወርዱበታል።

"ባለቤት ለራሱ እርቦ ሲከፍል የት አየሽ?" አሉ። ከዚያ ትልቁን ዱባ አንሥተው አስታቀፉኝ። "ይህን ለጎረቤታችን አድርሺላት። እርቦ አይደለም በያት፤ ከእኔ የተሰጠ ነው።"

"እንዴት አድርጌ ነው ልዩነቱን በዕብራይስጥ ለሩሲያዊት የማስረዳው?"

"አንቺ" አሉ፣ ወደ በቆሏቸው እየተመለሱ፣ "ማስረዳት መቼ አቅቶሽ ያውቃል?"