ለአንድ የድምፅ መልዕክት ወደ ሸዋ ሮቢት

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ላምበረት መናኸሪያ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ሦስት ሰው ይቀረዋል። ረዳቱ «ሮቢት! ሸዋ ሮቢት!» እያለ ይጣራል፤ እኔ መስኮቱ ጥግ ቦርሳዬን አቅፌ ተቀምጫለሁ። በዚህ ዓምድ የምታነቡኝ ሰዎች ቦርሳዬን ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ስልክ፣ ጡብ የሚያክል ፓወር ባንክ፣ የውጭ ጩኸት የሚያጠፋ ጆሮ ማዳመጫ፣ የሚታጠፍ ኪቦርድ፣ በፀሐይ የሚሠራ ቻርጀር አለበት። እጄ ላይ ደግሞ የልብ ምቴን፣ እርምጃዬንና ጭንቀቴን የሚለካ ሰዓት አስሬያለሁ። ቅያሬ ልብሴ አንድ ሸሚዝ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የምጓዘው አዲስ ዕቃ ልሞክር ነበር። ዛሬ የምሄደው ለሽምግልና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የእናቴን ወገኖች አንድ የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። አዛውንቶቹ መጻፍ ስለማይወዱ በድምፅ ይልካሉ፤ ድምፅ ደግሞ ዳታ ይበላል። ስለዚህ የመጣውን ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥና ድምፁን ወዲያው የሚያጠፋ ቦት አስገባሁ። ሥራው አኩርቶኝ በዚሁ ዓምድ ጻፍኩበት፤ ብዙዎቻችሁም አመስግናችሁኛል።

ሰሞኑን የእናቴ ወንድም ጋሼ ደምሴ፣ ቀወት ገጠር የሚኖሩ ገበሬ፣ ልጃቸውን ሊድሩ ሽር ጉድ ሲሉ ለግሩፑ በድምፅ ተናገሩ። ቦቱ ገልብጦ እንዲህ አስነበበን፦ «አሰለፈችን ከሠርጉ ሥራ አርቋት፤ ታማለች።»

እትዬ አሰለፈች የጋሼ ደምሴ ታላቅ እህት ናቸው። ሸዋ ሮቢት ከተማ ምግብ ቤት አላቸው፤ ሙሽራዋን ሰላማዊትንም እቤታቸው አስቀምጠው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሐሜተኛ ተብለው ከሠርጉ ሥራ መባረራቸውን ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት አነበቡ። ወዲያው «አሰለፈች ግሩፑን ለቃለች» የሚል ማስታወቂያ ብቅ አለ። የወንድማቸውንም ስልክ ማንሳት ተዉ። ሰላማዊት ደግሞ «አክስቴ ካልመጣች ሙሽራ ፈልጉ» አለች። ሠርጉ እሑድ ነው።

እናቴ ነገሩን በአንድ ቃል ቋጨችው፤ «አንተ ያቋቋምከው ጉድ ነው፤ አንተው ሂድና አስታርቅ።»

እውነቱን ለመናገር፣ በመልዕክቱ ይዘት የተገረመ ሰው አልነበረም። እትዬ አሰለፈች ሰው እንደሚያሙ ግሩፑ በሙሉ ያውቃል። የገረመን ጋሼ ደምሴ በአደባባይ መናገራቸው ነው።

ረፋድ፤ ጣርማ በር

ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ፓወር ባንኬ የሕዝብ ንብረት ሆነ። መጀመሪያ ጎኔ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ይቺን ትንሽ አቅምሳት» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ከኋላ ወንበር ገመድ ተዘረጋ፤ ከፊትም ሌላ መጣ። ሹፌሩ በመስታወት አይቶኝ «ወንድሜ፣ ማደያ ነህ እንዴ?» አለ። መኪናው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የራሴ ስልክ ግን ተራ አልደረሰውም።

ሰዓቴ ነዘር አደረገኝ። «ድንቅ ነው! የዛሬውን እርምጃ አጋምሰሃል!» ይላል። ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም፤ ያረማመደኝ ጉድጓዱ ነው።

ጣርማ በር ላይ ጉም መኪናውን ዋጠው። ጋቢ የተከናነቡ ሻጮች የሱፍ ቆብና የገብስ ቆሎ ይዘው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ መልሰው ይሰወራሉ። ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ኔትወርኩ ጠፋ፤ ማዶ ስንወጣ አገሩ ከእግራችን ሥር ገደል ሆኖ ቆየን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እንደ ተጣለ ገመድ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ሹራብ ይወልቃል፣ አርማንያ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ይፈታል፣ ሮቢት ሲደረስ ሰው ቆዳውንም ባወልቀው ይላል።

ቁልቁለቱን ስንወርድ እትዬ አሰለፈች ለብቻዬ የላኩልኝን፣ ያልከፈትኳቸውን የድምፅ መልዕክቶች አዳመጥኩ። ጠዋት ጠዋት አንድ ይልካሉ። እንደ ልማዴ በእጥፍ ፍጥነት ነው ያዳመጥኳቸው፤ ጊዜ ይቆጥባል ብዬ እናንተንም የመከርኳችሁ ዘዴ ነው። እትዬ አሰለፈች በእጥፍ ፍጥነት እንደ ወፍ ይንጫጫሉ። «እግዜር ይስጥልኝ»፣ «ደህና አደርክ ወይ»፣ «ቤቱ እንደሆነ ሥራ አይጠፋበት»። አዲስ ነገር የለም ብዬ ዘጋሁት።

ሐሙስ ከሰዓት፤ ሸዋ ሮቢት

ባጃጅ እንደ ንብ ይተራመሳል። አስፋልቱ ዳር ሽንኩርት በጆንያ ተቆልሏል፤ ፓፓያው ከፀሐይ የተነሳ ቆሞ ይበስላል። የእትዬ አሰለፈች ምግብ ቤት የጭነት መኪና ሹፌሮች ምሳ የሚበሉበት ነው። እሳቸው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርበዋል። ሳሙኝና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ብቻህን ነው የመጣኸው?»

«ብቻዬን ነኝ እትዬ።»

«ሽማግሌ ሦስት ነው የሚሆነው።» ቦርሳዬን በአገጫቸው አመለከቱ። «ሌሎቹ እዚያ ውስጥ ናቸው?»

አስተናጋጇ የማሾ ወጥ በእንጀራ አቀረበችልኝ። እየበላሁ ሳለ ስልካቸውን አወጡ። የጋሼ ደምሴን መልዕክት ስክሪንሹት አስነስተው አስቀምጠውታል።

«አንብበው።»

«አንብቤዋለሁ እትዬ።»

«ጮክ ብለህ አንብበው! ሹፌሮቹም ይስሙ። እኔ ሐሜተኛ ነኝ? እኔ?» አንዱ ሹፌር አንገቱን ሳህኑ ውስጥ ደፋ።

«በቪዲዮ ላገናኛችሁ። አሁኑኑ፣ ፊት ለፊት ትነጋገራላችሁ» አልኩ።

«ፊቴን ላሳየው? አላሳየውም!» አሉ፣ ካሰብኩት በላይ ፈጥነው። ነጠላቸውንም ወደ ጉንጫቸው ሳብ አደረጉ።

በመጨረሻ የሚሉትን በድምፅ ቀድቼ ለጋሼ ደምሴ እንዳሰማ ተስማማን። ስልኬን ፊታቸው አስቀመጥኩ። ከጋሼ ደምሴ ክርስትና ጀምረው በወንድማቸው የጥርስ ሕመም አልፈው፣ የሰላማዊትን የመጀመሪያ ቦርሳ ማን እንደ ገዛ አስታውሰው፣ በየመሀሉ እያረፉ ረጅም ንግግር አደረጉ። ማታ አልጋ የያዝኩበት ሆቴል ገብቼ ንግግሩን ለሚያሳጥር መሣሪያ ሰጠሁት። በአንድ መስመር መለሰልኝ፦ «ተናጋሪዋ በቤተሰብ ሠርግ ላይ ለመገኘት ያላቸውን ከፍተኛ ጉጉት ገልጸዋል።» እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ነው እንግዲህ ለእናንተ አምስት ኮከብ የሰጠሁት።

ዓርብ ጠዋት፤ ቀወት

የባጃጁ ሹፌር መንገዱን ሙሉ ምን ዓይነት ስልክ ቢገዛ እንደሚሻለው ጠየቀኝ። ስለ ካሜራ፣ ስለ ስክሪን፣ ስለ ባትሪ አስረዳሁት። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ሰማኝና «እኔ እንኳ እናቴ ስትደውል የሚጮህ ነው የምፈልገው» አለ።

ግራና ቀኙ የታጨደ የማሽላ ማሳ ነው። የጋሼ ደምሴ ግቢ ውስጥ ጎረቤት ተሰብስቦ ዳስ ይጥላል። እሳቸው ግንድ ተሸክመው ነበር፤ አውርደው ጉንጬን ሳሙኝ።

«ምን በደልኳት?» አሉ ገና ሳልቀመጥ። «ስደውል አታነሳም። ልጅ ብልክ ዘጋችበት። እኔ ነኝ ቂም መያዝ የነበረብኝ።»

ጋሼ ደምሴ ዓይናቸው ስለደከመ ግሩፑ ላይ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። የተጻፈውን አላዩትም፤ እኔም ላነብላቸው አልደፈርኩም። «እትዬ የሚሉትን ይዤልዎ መጥቻለሁ» ብዬ ስልኩን ከፈትኩት፤ ድምፁን ለእሳቸው ስል በተፈጥሮ ፍጥነቱ ለቀቅኩት።

ግንድ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ጎረቤቶቹ ቀስ በቀስ መዶሻቸውን አስቀመጡ። የእትዬ አሰለፈች ስድብ ሲሞቅ አንዱ ሳቁን አፈነ። ጋሼ ደምሴ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡም።

«ድምጿ ምን ሆኗል?»

«ተቆጥተው ነዋ።»

«ቁጣዋን እኔ አውቀዋለሁ። አሰለፈች ስትቆጣ ድምጿ ይወፍራል እንጂ አይሰነጠቅም። ስማ፣ በየመሀሉ ትንፋሽ ታጣለች።» ዓይናቸውን ገለጡ። «አልተሻላትም ማለት ነው።»

«ከምኑ?»

«ምን ከምኑ ትለኛለህ! ታማለች አላልኳችሁም? ሥራ እንዳታስነኳት ብዬ በግሩፑ ተናግሬ የለም?»

«ታማለች» ሲሉ መሀሏን «ማ» ጠበቅ አደረጓት። አሟታል ማለታቸው ነው። ከዚያ ግንድ ላይ ተቀምጬ የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህሬ ይታዩኝ ጀመር፤ የሚጠብቅና የሚላላ እያሉ በአርጩሜ የሚያስጠኑን። ቃሉ ሲላላ ሰው ታማለች ነው፣ ሲጠብቅ ታመመች። ሲጻፍ ግን አንድ ነው። ቦቱ ፊደሉን አልተሳሳተም። ድምፁ ቢኖር የሰማ ሁሉ ይለየው ነበር፤ ድምፁን ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ለጋሼ ደምሴ አስረዳኋቸው። አንድ ጊዜ አልገባቸውም፤ ደግሜ ነገርኳቸው።

«እኔ መቼ ጻፍኩ?»

«መሣሪያው ነው የጻፈው።»

«ድምፄስ?»

«ይጠፋል። ዳታ እንዳይባክን።»

 «ስለዚህ እህቴ አልጋ ላይ ሆና፣ ወንድሟ ሐሜተኛ ብሎ ሲያባርራት አነበበች» አሉ። ተነሡ። ሸሚዝ እንኳ ሳይቀይሩ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ፣ ባጃጁ ውስጥ ገቡ።

በመንገድ ላይ ጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ የእትዬን የሰሞኑን መልዕክቶች በተፈጥሮ ፍጥነታቸው ከፈትኩ። እንደ ወፍ የሚንጫጫ ሰው አልነበረም። «ደህና አደርክ ወይ» ካሉ በኋላ ረጅም ፀጥታ አለ፤ የሚያርፉበት ነው። አንደኛው ላይ «ቤቱ እንደሆነ ሥራ አይጠፋበት» ብለው ሳል ያቋርጣቸዋል፤ ከዚያ «እንጃ፣ ዘንድሮ ጉልበቴ ከዳኝ» ይላሉ። ይህንን ትናንት ቁልቁለቱ ላይ ሰምቼው ነበር፤ ጆሮዬ ላይ አልፏል እንጂ አልገባም። ከዚያ በፊትማ ሳልከፍታቸው «ደህና ነኝ» የሚል ጽሑፍና አንድ የአበባ ሥዕል ነበር የምመልስላቸው።

ዓርብ ቀትር፤ ሸዋ ሮቢት

እትዬ አሰለፈች ወንድማቸውን ሲያዩ ለመነሣት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ወንበሩን ተደገፉ።

«ማን ጥራው አለህ?» አሉኝ።

«ታመሻል ወይስ አልታመምሽም?» አሉ ጋሼ ደምሴ፣ በሩን ሞልተው እንደቆሙ።

«ማን ነገረህ?»

«ሽንኩርት ሊሸጥ የወረደ ጎረቤቴ ጤና ጣቢያው በር ላይ ተኮራምተሽ አይቶሽ ነዋ። ለምን ደበቅሽኝ?»

«ወባ ናት። ምን ይወራላታል?»

«ለምን ደበቅሽኝ አልኩ!»

«ልጅ ልትድር ደግሰህ፣ አሞኛል ልበልህ? ጥለኸው ልትመጣ?»

«አዎ! ጥዬው ልመጣ!» ከበሩ ወደ ውስጥ ገቡ። «ታማለች ነው ያልኩት፣ አሰለፈች። አሟታልና አታድክሟት ነው ያልኩት።»

እትዬ አሰለፈች ቃሉን በከንፈራቸው ሞከሩት፤ አንዴ አላልተው፣ አንዴ አጥብቀው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ወንድማቸው ፍቅፋቂ ከፀጉራቸው እያራገፉ ጎንበስ አሉ፤ እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና አንገታቸውን አቀፏቸው። ሹፌሮቹ ሹካና ማንኪያ በሌለበት ቤት የሚሠሩት አጥተው ጣታቸውን ይልሳሉ።

እንደ ተላቀቁ ግን እትዬ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እና እናንተ ሁላችሁ ያኛውን አመናችሁ?»

የቦርሳዬን ዚፕ ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

«አንድ ሰው እንኳ ‹አሰለፈች አታማም› ያለ የለም?»

ሰዓቴ ነዘረኝ። ጭንቀትህ ከፍ ብሏል፣ በረጅሙ ተንፍስ ይላል። ተነፈስኩ። ጋሼ ደምሴ መሬት መሬት እያዩ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መጀመሪያ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር። ሳቃቸው ሲያመልጣቸው እትዬም አልቻሉም። ቦቱን እዚያው፣ ሁለቱ እያዩኝ፣ ከግሩፑ አስወጣሁት።

እሑድ፤ ዳሱ ውስጥ

ሥራ እንዳይነኩ ጋሼ ደምሴ አስጠንቅቀዋል፤ ስለዚህ እትዬ አሰለፈች ዳሱ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጠው ሠርጉን በጣታቸው ያዛሉ። ጠላው በየት ይግባ፣ ወጡ ጨው አነሰው፣ የሙሽራው ወገን እዚያ ይቀመጥ። ሰላማዊት መጀመሪያ የሳመችው የእሳቸውን ጉልበት ነው። እኔን አጠገባቸው አስቀምጠው የሚገባውን እንግዳ ሁሉ በሹክሹክታ አስተዋወቁኝ። ያ ከሚስቱ ጋር አይነጋገርም፣ ያቺ የለበሰችው የሰው ነው፣ የሙሽራው አጎት ሦስተኛ ሳህኑ ነው። ላብ እያጠመቃቸው፣ ዓይናቸው እያበራ። የዚያን ቀን ቃሉ በሁለቱም አነባበብ ትክክል ነበር።

ሰኞ፤ አዲስ አበባ

ዳገቱን ስንወጣ ሹራብ ለበስን። እግሬ ሥር ማሾና ፓፓያ የያዘ ጆንያ አለ፤ ሁለት ጊዜ «ይብቃኝ» ብዬ ሁለት ጊዜ ተጨምሮበታል። በሬ ላይ ስደርስ መሽቶ ነበር፤ ቁልፉን ስፈልግ ስልኬ ጮኸ። እትዬ አሰለፈች ናቸው፤ መልዕክት ሳይሆን ጥሪ።

«ገባህ ልጄ?»

«አሁን ደረስኩ እትዬ። በሬ ላይ ነኝ።»

«በል እንግዲህ፣ ደክሞሃል፤ አልያዝህ።»

«እርስዎስ? እንዴት ነዎት?»

«እኔማ ደህና ነኝ።»

ልዘጋ እጄ ወደ ስክሪኑ ሄዶ ነበር። መለስኩት።

«እውነቱን ይንገሩኝ እትዬ። ዛሬ እንዴት ዋሉ?»

ከዚያኛው ወገን የባጃጅ ጡሩምባ፣ የሳህን ኳኳታ፣ ከዚያም ፀጥታ ሰማሁ። ጆንያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«ቆይ እስቲ» አሉ፣ «ወንበሩን ልሳብና ልንገርህ።»