እማ የተመረቀችበት ድፎ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር መናኸሪያ ሄጄ፣ ከጋይንት በመጣ አውቶቡስ የተላከልኝን ጆንያ ተቀበልሁ። ድንች ነው። አፉ ላይ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ የገብስ ቆሎ አለበት። ጆንያውን ሳየው ሳቄ መጣ። ያ ድሮ የእርዳታ ስንዴ ይመጣበት የነበረው ነጭ ጆንያ ነው፤ ጽሑፉ ከመታጠቡ ብዛት ደብዝዟል። እማ ጆንያ አትጥልም።

ልጅ እያለሁ ቤታችንን አቁሞ የያዘው ያ ስንዴ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ እማ ሴፍቲኔት የሚሉት የእርዳታ ሥራ ውስጥ ገባች። ከጎረቤቶቿ ጋር ተራራው ላይ እርከን ትሠራለች፣ በየወሩ ስንዴ ይሰፈርላታል። ማታ ስትመለስ ቀሚሷ አፈር አፈር ይሸት ነበር፤ ዛሬም የተቆፈረ እርጥብ አፈር ሲሸተኝ እማ የመጣች ይመስለኛል። በኋላ ደግሞ ለእርባታ ተብሎ አንዲት በግ ተሰጠቻት፤ እሷም መንታ ወለደችልን።

አራተኛ ክፍል ነበርሁ። ከቤታችን ፊደል የምለይ እኔ ብቻ ስለሆንሁ ጉራዬ አይጣል ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀበሌው በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ከላይ «ተመራቂዎች» ይላል፤ ሦስተኛው ላይ የእማ ስም አለ። መመረቅ የሚባለውን የማውቀው ከመምህራችን ነው፤ ጥቁር ካባ ለብሶ የተነሳውን ፎቶ አሳይቶናል። ደብተሬን እቅፍ አድርጌ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድሁና፣ «እማ፣ ተመረቅሽ! መንግሥት አስመረቀሽ!» አልኋት።

እማ በበኩሏ ከሽማግሌና ከቄስ አፍ ከሚወጣው ሌላ ምርቃት አታውቅም። «እኔን መረቁኝ? እሰይ! አሜን፣ አሜን!» ብላ እጇን ዘረጋች። ምርቃት ደግሞ ያለ ዳቦ አይሆንም። ወሩ ሊሞላ ነው፣ ሌላ ስንዴ ይመጣል ብላ የቀረችውን ጠራርጋ አስፈጨችና ድፎ ደፋች። የኮባው ቅጠል ሲጠበስ ሽታው መንደሩን ሞላው። ጎረቤት ጠሪዋ እኔ ነበርሁ፤ የልማት ሠራተኛውን ሞላን ሳይቀር ጠራሁት።

ሞላ ገብቶ ድፎውን ሲያይ፣ «የማን ሰርግ ነው?» አለ።

«የኔ ምርቃት ነዋ! እናንተው መርቃችሁኝ!» አለችው እማ፣ ቆርሶ ያስጀምር ብላ ቢላዋውን እያቀበለችው።

ሞላ ቢላዋውን መልሶ ድፎው አጠገብ አስቀመጠ። «እቴ ያልጋነሽ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ላቡን እየጠረገ። «ተመረቁ ማለት ራስዎን ቻሉ ማለት ነው። በግም አፍርተዋል። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ስንዴው ይቆማል።»

እኔ ጥግ የተጣጠፈውን ባዶ ጆንያ አየሁ፤ ከዚያ ድፎውን። ወረቀቱን ያነበብሁት እኔ፣ የመጨረሻ ስንዴያችንን ያስደፋሁት እኔ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

መጀመሪያ የተናገሩት ጎረቤታችን አያ ደሴ ናቸው። ጺማቸውን እየነካኩ፣ «ድሮ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ነበር የሚባል፤ ዘንድሮ ቀድማ የደገሰችው ያልጋነሽ ናት!» ሲሉ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እማም ሳቀች፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ። አያ ደሴ ተነሡ። «የነሱ ምርቃት እንዲህ ከሆነ የኛን ተቀበይ። እጅሽ ሰጪ እንጂ ተቀባይ አይሁን» ብለው መረቋት። ሁላችንም አሜን አልን፤ ጎላ ብሎ የተሰማው ግን የሞላ ነበር።

ያ ክረምት ቀላል አልነበረም። አንዱ በግ ተሸጠ። አያ ደሴ በበሬያቸው አረሱላት፣ እማ በገዛ እጇ በሠራችው እርከን ላይ ገብስና ድንች ዘራች። ጠዋት ድንች፣ ማታ ድንች፣ ለጾሙም ለፍስኩም ድንች። ይሁን እንጂ እኔ ከዚያ ዘመን የሚታወሰኝ በፍም የተጠበሰ ድንች ልጣጭ ጣቴን ሲያቃጥለኝና ስንሳሳቅ ነው። የእማም ስም ወደ እርዳታው መዝገብ ሳይመለስ ቀረ።

እኔም በተራዬ ካባ ለብሼ ተመርቄ፣ ዛሬ ደብረ ታቦር አስተምራለሁ። ኑሮው ግን ሌላ ሆነ፤ ደመወዜ ኪሴ ሳይገባ ዘይቱና የቤት ኪራዩ ይቀድሙታል። አንድ ቀን በስልክ ይህን ሳማርር የሰማች እማ፣ ከዚያ ወዲህ በየወሩ ጆንያ ትልክልኛለች። ያኔ መንግሥት ለእሷ፣ አሁን እሷ ለመንግሥት ሠራተኛ። አፍሬም አላውቅ፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

ድንቹ እንደደረሰኝ ደወልሁላት። «እማ፣ ይበቃል፣ አትድከሚ። እኔ ከአንቺ የምመረቀው መቼ ነው?» አልኋት።

ሳቋ ከጋይንት ድረስ ተሰማኝ።

«አይዞሽ» አለችኝ፣ «እኔ በር ላይ ወረቀት አልለጥፍም።»