እንቁላል የገባበት የጾም ኬክ

እናቴ የተቀበረች ቀን አላለቀስኩም። ከለቀስተኞቹ አንዷ እኔን እያየች "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" ስትል ሰማኋት። እኔን ግን እንባው ገደደኝ፤ ምን ላድርግ? ዛሬም ሳወራው ደረቴ ውስጥ ምንም የለም። እንዲያው እንደሆነው ልናገረው።

ሁዳዴ ነበር። እናቴ ታማ ከርማ ሰውነቷ አልቋል፤ ከአልጋ መነሣት አቅቷታል። በባጃጅ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ "እንቁላልና ወተት ካልወሰደች መድኃኒቱ ብቻውን አያነሣትም" አለኝ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቤት ስንገባ "የነፍስ አባትሽን ልጥራቸውና ይፍቀዱልሽ" ብላት፣ "ተይኝ ልጄ! ዕድሜዬን ሙሉ የጾምኩትን ለሁለት ቀን ዕድሜ ብዬ ላፈርሰው?" አለች። ግትር ናት። የእኔስ ግትርነት ከየት መጣ!

የምትበላው ነገር ቢኖር የጾም ኬክ ነው። አሠራሩን ያስተማረችኝም እሷው ናት፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ የተፈቀፈቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ በወተት ፈንታ ለስላሳ። እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ። ድስቱን ከሰል ላይ ጥዶ ክዳኑ ላይ ፍም መደርደር ነው። ሲበርድ በእጅ ገና ሲነኩት ይፈረፈራል፤ እናቴም "የድሃ ኬክ ፍርፋሪው ይበዛል" እያለች ትስቅ ነበር። ደግሞ ሳታካፍል አይዋጥላትም። ኬክ የጋገረች ቀን ለጎረቤት ሁሉ ሳህን ስታዞር ነው የምትውለው።

ታዲያ አንድ ጠዋት አራት እንቁላል መታሁና ሊጡ ውስጥ ጨመርኩት። ጾመኛ እናቴን ላስገድፍ! ሲበስል ቆርሼ ሰጠኋት። በጣቶቿ ጫን ጫን አደረገችው፤ አልተፈረፈረም። አገላብጣ አየችው።

"የጾም ነው?" አለችኝ።

"አዎ እማዬ፣ የጾም ነው።"

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ አማተበችና በላች። ድገሚኝም አለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ምንም አልመሰለኝም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ልትጠይቃት መጣች። ኬኩን አይታ "እሰይ፣ ዛሬማ ደርሼበታለሁ!" ስትል እናቴ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና በነጠላዋ ሸፈነችው። "ይሄ የእኔ ነው፤ ለማንም አልሰጥም" አለች። ሴትዮዋ ክው አለች። ብዙም ሳትቆይ ተነሥታ ሄደች። እኔም በሽታው ስስታም አደረጋት ብዬ አፈርኩባት። አይ የእኔ ነገር!

ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ኬክ ጋገርኩላት፤ ብቻዋን በላች። አልተሻላትም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ራሷ "የነፍስ አባቴን ጥሪልኝ" አለች። ጠራኋቸው። ቤታችን በመጋረጃ የተከፈለ አንድ ክፍል ነው፤ እሳቸው አልጋዋ አጠገብ ሲቀመጡ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሻይ ጥጄ ነበር። ሲናዘዙ ወጥቶ መሄድ ነው ደንቡ። አልወጣሁም።

"አባቴ፣ በሁዳዴ እንቁላል በልቻለሁ" አለች እናቴ። "እያወቅሁ ነው የበላሁት። ልጄ እምቢ ስትል አስገድጄ ያስጋገርኳት እኔ ነኝ። እሷ የለችበትም።"

ጎረቤታችንን የከለከለቻት ለካ እንዳትገድፍ ብላ ኖሯል። ስስታም መባሉን ቻለችው። አሁን ደግሞ ኑዛዜ ላይ ዋሸች፤ ለእኔ ብላ።

መጋረጃውን ገልጬ "ውሸቷን ነው አባ፣ እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ሲሏት ሰማሁና መልሼ ዘጋሁት። ሻዩን ቀድቼ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

በሦስተኛው ቀን እማዬ የእኔን ኃጢአት እንደተናዘዘች ሞተች።