ክረምቱን ሙሉ የገጠምናት ኮምፒዩተር

ባለፈው ሳምንት የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ ሳራግፍ አንድ ያለቀ ላጲስ መዳፌ ላይ ወደቀ። እንደ ዛሬዎቹ ከረሜላ ከረሜላ የሚሸት ሳይሆን ያ የድሮው፣ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ፣ ሲያሹት የጎማና የአቧራ ሽታ የሚሰጥ ዓይነት ነበር። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ልጄ «እማዬ፣ ላጲስም ይሸተታል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እንዴት አድርጌ ላስረዳት? የላጲስ ሽታ ሌላውን ሰው ወደ አንደኛ ክፍል ይመልሰው ይሆናል፤ እኔን ግን የሚመልሰኝ ወደ ጎፋ፣ ወደ ጋሼ ከማል ሳሎን፣ ቆርቆሮውን ዝናብ ሲያንኳኳው ሁለት ልጃገረዶች ወለል ላይ ተንበርክከው ኮምፒዩተር ወደሚገጥሙበት ክረምት ነው።

ጋሼ ከማል አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። በወጣትነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው ጎፋ ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፍተው አምፖል፣ ሶኬት፣ ገመድና የባትሪ ድንጋይ ይሸጡ ነበር። ልጃቸው ሙና እኩያዬ ነበረች፤ አንድ ክፍል እንማራለን፣ አንድ ጃንጥላ እንጋራለን፣ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ስንጠራራ የእኔ እናት «እናንተ ልጆች ይኼ አጥር ባይኖር ምን ልትሆኑ ነበር?» ትለን ነበር። እናቴ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች። አንዳንድ ቅዳሜ ቢሮዋ ይዛኝ ስትሄድ ጥቁር ስክሪን ፊት አስቀምጣ ዶስ የሚባለውን አስተምራኛለች፤ ስዕል የለው፣ ጌጥ የለው፣ ጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። የጻፍሽለትን ያደርጋል፣ ካልጻፍሽለት ዝም ብሎ ይጠብቅሻል። እንዲህ ያለ ጨዋ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ሙና ግን ሀና ማርያም አጠገብ የሚኖር አንድ የአክስቷ ልጅ ነበራት፤ እሱ የሚሠራበት ማሠልጠኛ ወስዷት አዲሱን ዊንዶውስ አይታ ከመጣች ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ስዕሉ፣ ቀለሙ፣ በእጅ እየገፉ የሚነኩት ማውሱ! «የአንቺው ዶስ እኮ ቁልፉን ለሸመደደ ሰው ብቻ የሚከፈት ቤት ነው» ትለኛለች። እኔም «የአንቺው ደግሞ በሩም መስኮቱም ክፍት ሆኖ ባለቤቱ የሌለበት ቤት ነው» እላታለሁ።

በዚያው ዓመት ሰፈራችን ውስጥ ጌም ቤት ተከፍቶ ነበር። ሴት አትግባ የሚል የለም፤ ነገር ግን አንድ ቀን ሙናና እኔ አንገታችንን ብቅ ስናደርግ ቤት ሙሉ ወንድ ዞሮ አየን፤ የጌሙ ንጉሥ የነበረው ቢኒ ደግሞ ከተቀመጠበት ሳይነሳ «ወፍጮ ቤቱ ወደዚያ ነው» አለን። ሳቁ እስከ መንገዱ ድረስ ተከተለን። እኔ ስሳደብ ሙና ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ጎተተችኝ።

ክረምት ሲገባ ጋሼ ከማል ሥራውን ጨርሶ ከሚዘጋ አንድ ፕሮጀክት ቢሮ የኤሌክትሪክ ገመድ በጨረታ ሊገዙ ሄደው፣ ገመዱን የፈለገ የተበላሹትንም ኮምፒዩተሮች አብሮ ይውሰድ ተብለው፣ ሦስት የሞቱ ኮምፒዩተሮች በጋሪ ጭነው ተመለሱ። ሳሎኑ ጥግ ተደረደሩ። የሙና እናት እትዬ ዘይነባ ሊያባርሯቸው ስላልቻሉ ዳንቴል አለበሷቸው፤ እንግዳ ሲመጣም «የከማል ዕቃ ነው» እያሉ ያልፉታል።

የዚያን ሰሞን የሙና ታላቅ ወንድም የራሱን ንግድ ሊጀምር ወደ ጅማ ሄደ። ጋሼ ከማል ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ሱቁ ሰው ይፈልጋል። አንድ ቀን እኔም በተቀመጥኩበት ሙናን ጠርተው፣ ልባቸው እያዘነ እንደሆነ ከድምፃቸው እየታወቀ፣ «ከመስከረም ጀምሮ ማታ ትማሪያለሽ፤ ቀን ሱቅ ትውያለሽ» አሏት።

ሙና ጥግ ወዳሉት ኮምፒዩተሮች አገጯን አነሳች። «አባ፣ ከእነዚህ አንዱን ባስነሳውስ? ለሱቁ ሰው ትቀጥራለህ፤ እኔ ቀን ተምሬ ከትምህርት መልስ እዚያው ሱቅ ውስጥ ኮምፒዩተር እጠግናለሁ።»

ጋሼ ከማል ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የቢኒ ዓይነት አልነበረም። «ከምዝገባ በፊት ከተነሳች ቃሌ ቃል ነው። ካልተነሳች ቆራሌው ጭኖ ይወስዳታል፤ አንቺም ሱቅ ትገቢያለሽ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ዳንቴሉ ተነሳ። እናቴ ከቢሮ ያመጣችልንን አሮጌ መመሪያ መጽሐፍ ወለል ላይ ዘርግተን ሦስቱንም ፈታናቸው። ቡሎኖቹን በእትዬ ዘይነባ የሻይ ሳህን ላይ አስቀመጥን፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ጣታችንን ቆራረጠው። የመጀመሪያውን ሰክተን ስናበራ «ቧ!» ብሎ ፈነዳ፤ ጭስ ወጣ፣ የቤቱ መብራት ጠፋ፣ እትዬ ዘይነባ «ቢስሚላህ!» ብለው የያዙትን ሻይ ደፉት። ጋሼ ከማል ከሱቅ መጥተው ኮምፒዩተሩን ዙሪያውን መረመሩና ከጀርባው ያለች አንዲት ቀይ ማብሪያ በጣታቸው አሳዩን። «ይቺ የተገጠመችው ለደካማ ኤሌክትሪክ ነው፤ የእኛ የዚያ እጥፍ ነው። መጀመሪያ ይቺን ገልብጡ።» አልተቆጡም። እንዲያውም ፊውዙን ሲቀይሩ እያንጎራጎሩ ነበር፤ ቤታቸው ውስጥ በሙያቸው የሚጠየቁት ነገር በመገኘቱ ደስ ያላቸው ይመስለኛል።

ከሁለተኛው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ክፍል ወሰድን፣ ከሦስተኛው ዲስኩን፣ ራም የሚባሉትን የማስታወሻ ሰሌዳዎች ደግሞ ከሦስቱም ለቃቅመን ሰበሰብን። ስናበራት ትጮሃለች። አንድ ረጅም፣ ከዚያ አጫጭር ጩኸት፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ። እትዬ ዘይነባ «ምስኪን፣ ምን አድርጋችኋት ነው የምታለቅሰው?» እያሉ ያዝኑላት ነበር። መጽሐፉ ላይ ጩኸቱ የራም መሆኑን አነበብን፤ የራሙ ወርቃማ ጥርሶች በአቧራና በእርጥበት ጠቁረዋል። ሙና ከደብተር ቦርሳዋ ላጲስ አውጥታ አንድ በአንድ ታሻቸው ጀመር፤ እኔም የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ እላለሁ። አንዱን አውጥተን ሌላውን ከመሰሉ ጋር እያጣመርን ብዙ ከሰዓት በኋላዎች ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ጩኸቱ ቀረና ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ቁጥሮች መቁጠር ጀመሩ። ተቃቅፈን ጮኽን። እናቴ በአጥሩ በኩል «ምን ሆናችሁ?» ብላ እየሮጠች መጣች።

ደስታችን አንድ ቀን አልቆየም፤ ምን ይጫንባት በሚለው ተጣላን። ሙና ዊንዶውስ ካልሆነ አለች። እኔ ዶስ ካልሆነ፣ ይቺ አሮጊት ያንን ሁሉ ስዕል ተሸክማ መሮጥ አትችልም አልኩ። ሙና ዊንዶውሱ የተገለበጠባቸውን፣ ከአክስቷ ልጅ የተዋሰቻቸውን ፍሎፒ ዲስኮች በፌስታል ጠቅልላ፣ በሹራቧ ውስጥ አቅፋ፣ በዚያ የሀና ማርያም ጭቃ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር ያመጣቻቸው፤ እኔ ግን ያንን እንኳ አይቼ አልራራሁም። ተኮራረፍን። በአጥሩ ቀዳዳ መጠራራቱ ቀረ።

ያስታረቁን ጋሼ ከማል ናቸው። ሱቃቸው ድረስ አስጠርተውኝ ሙናን አጠገቤ አስቀመጡና ሁለት አምፖል ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «አንዱ ደንበኛ የሚጠመዘዘውን ይፈልጋል፣ አንዱ የሚሰካውን። እኔ ሁለቱንም እይዛለሁ። ለመሆኑ ሁለቱም ሲበሩ በብርሃናቸው ለይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ወደ ቤት ስንመለስ እንደ ድሮው አንዱን ጃንጥላ ይዘን ነበር። ዊንዶውሱን ጫንን፤ አንደኛው ፍሎፒ ተበላሽቶ ሙና በዚያው ጭቃ ደግማ ተመላለሰች። ኮምፒዩተሯ ስትነሳ በትክክለኛዋ ቅጽበት አንድ ቁልፍ ከተጫኑ ዊንዶውሱን ትታ በጥቁሩ ስክሪን እንደምትከፈት ከመጽሐፉ ያገኘሁት እኔ ነኝ። እነሆ ሁለታችንም በአንድ ቤት ውስጥ ገባን። የመኪና እሽቅድድም ጌም ስናስገባባት በዊንዶውሱ በኩል ማስታወሻ አልበቃኝም ብላ እምቢ አለች፤ በጥቁሩ በኩል የማያስፈልገውን ሁሉ አራግፈን ስንሞክራት ግን ቀይዋ መኪና ስክሪኑን ሰንጥቃ ወጣች። ሙና «እሺ፣ ይሁን፣ ለዚህስ ጥቁሩ ይሻላል» አለችኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ያመነችልኝ ያንን ብቻ ነው።

በምዝገባው ዋዜማ ጋሼ ከማል ሱቁን ዘግተው በቀን መጡ። ያን ቀን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ መብራት የለውም። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ እኛም ጠበቅን፤ ከውጭ የቆራሌው ጥሪ ሲሰማ ሙና ዓይኗን ጨፈነች። ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ሙና ማብሪያውን ተጫነች። ያ ረጅሙ ጩኸት፣ ከዚያ አጫጭሮቹ። ስክሪኑ ጨለማ።

እኔ መጽሐፉን ማገላበጥ ጀመርኩ። ሙና ግን ገመዱን ነቀለች፣ ክዳኑን አነሳች፣ ራሙን አወጣች፣ ከኪሷ ላጲሷን አውጥታ ጥርሶቹን በእርጋታ አሸች፣ እፍ ብላ ቦታቸው መለሰቻቸው። አባቷ ከሶፋው ወደ ፊት አዘንብለው እጇን ብቻ ያያሉ። እንደገና ስትጫን ነጮቹ ቁጥሮች መቁጠር ጀመሩ፣ ከዚያም ሰማያዊው ሰማይና ደመናው መጣ።

ጋሼ ከማል ከሶፋው ተነስተው ቀረቡ። ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ «እኔ ብነካት ትበላሻለች?» አሉ። ሙና መሳያውን ከፈተችላቸውና ማውሱን እጃቸው ውስጥ አስገባች። የእንግሊዝኛ ፊደል የማይለዩት፣ ቁልፍ ሰሌዳውን እንደ እሳት የሚፈሩት ሰውዬ፣ ምላሳቸውን ነክሰው፣ ትከሻቸውን አጥብበው፣ አንድ ጠማማ አምፖል ሳሉ። ቢጫም ቀቡት። ያኔ ዊንዶውስ ለምን እንደተሠራ ገባኝ፤ ለሙና ግን አልነገርኳትም።

«ለምዝገባ ፎቶግራፍ ሳይፈልጉ አይቀሩም» አሉ ጋሼ ከማል ዓይናቸውን ከአምፖሉ ሳይነቅሉ። «ተነሺ፣ ሸሚዝሽን አጥበሽ አስጪ።» እትዬ ዘይነባ ከጓዳ እልልታቸውን አቀለጡት።

በእንቁጣጣሽ ማግስት ወሬው ጌም ቤት ደርሶ ቢኒና ጓደኞቹ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ በእትዬ ዘይነባ ፊት አንገታቸውን ደፍተው፣ በየተራ ሻያቸውን እየጠጡ ተጫወቱ። እኔ በቢኒ ተሸነፍኩ፤ በጥቂት ነው ግን ተሸነፍኩ። ሙና ስትቀመጥ ሁሉም ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። የመጨረሻው ኩርባ ላይ ሁሉም ፍሬን የሚይዝበት ቦታ አለ፤ እሷ አልያዘችም። የገባችበት ሰዓት ከቢኒ አጥሮ ሲወጣ የጮኽኩት ጩኸት ነፋስ ስልክ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ቢኒ ራሱን እየነቀነቀ ኮምፒዩተሯን ዙሪያዋን አያትና «ማን ገጠመላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ልንመልስ አፋችንን ስንከፍት ጋሼ ከማል ቀደሙን፤ «ገጣሚዎቹ ፊትህ ቆመዋል፤ ሻይ የምትጠጣውም በእነሱ ቤት ነው» አሉት። ቢኒ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ መጣ። ጨዋ ልጅ ነበር።

ሙና ቀን ተምራ ጨረሰች። ከትምህርት መልስ ሱቁ ጥግ ላይ በተሠራላት ጠረጴዛ የሰፈሩን ኮምፒዩተር ሁሉ ጠገነች፤ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ገብታ መሐንዲስ ሆነች። እኔም ኑሮዬ ከኮምፒዩተር ጋር ሆነ። አሁንም ስንገናኝ በዚያው ነገር እንከራከራለን፤ እሷ ከሰው ያልተግባባ ሥርዓት ሥርዓት አይደለም ትላለች፣ እኔም ዝም ብሎ የሚታዘዘውን የሚያህል የለም እላለሁ። ያቺ የገጠምናት ደግሞ እየተቆራረሰች አለቀች፤ ዲስኳ ለአንዱ አስተማሪ፣ ራሟ ለሌላው፣ ስክሪኗ ለቢኒ። መንገዱ ሲሰፋ አጥራችንም ሳሎኑም ፈረሱ፤ የትኛው የመንገድ መብራት ምሰሶ በየትኛው ክፍል ቦታ እንደተተከለ ዛሬ ቆሜ ብገምትም እርግጠኛ አይደለሁም።

ጋሼ ከማል ያረፉ ጊዜ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሙና አጠገብ ተቀምጬ ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች፣ አንድ ሾፌር፣ አንዲት ሸማ ለባሽ አሮጊት፣ ከወዲያ ማዶ የመጣ አናጢ፣ እየመጡ እጃችንን ይዘው ፊታችንን ያዩ ነበር። «ሙናና ሮማን እናንተ ናችሁ? ያቺን ኮምፒዩተር የገጠማችሁት?» ይሉናል። አምፖል ሊገዛ የገባውን ሁሉ፣ መልሱን እስኪቆጥሩለት ድረስ፣ ስለ እኛ ሲነግሩት ኖረዋል። ከዚያ ወዲህ ከያቺ ኮምፒዩተር እጅግ የሚፈጥኑ ብዙ ኮምፒዩተሮች በእጄ አልፈዋል፣ በሥራዬም ተመስግኛለሁ። ለማያውቀኝ አምፖል ገዢ ስሜን እያነሳ የሚኮራብኝ ሰው ግን ዳግም አላገኘሁም።