ኮምጣጤ የነካቸው ዶቃዎች

እናቴ አምርራ የምትጠላው አንድ ነገር ነው፤ የላስ ቬጋስ ውሃ ቧንቧው ላይ ትቶት የሚሄደውን ነጭ ጨው። ኮምጣጤ በነካ ጨርቅ ስታሳድደው እያየሁ ነው ያደግሁት። ይህን እያወቅሁ ዶቃዎቼን ወጥ ቤት መስኮት ላይ ማስጣቴ የኔ ጥፋት ነው፤ ለእሷ ግን መቼም አላምንላትም።

ዶቃዎቹ ፋይንስ ናቸው፤ የጥንት ግብፆች አንገታቸው ላይ ያደርጉት የነበረው ዓይነት። ከተፈጨ ነጭ አሸዋ፣ ከሶዳና ከትንሽ መዳብ ይቦካል። በጣም የምወድለት ነገር ቀለም አለመቀባቱ ነው! ሲደርቅ ሶዳው ራሱ ከውስጥ ወጥቶ ላዩ ላይ እንደ አመዳይ ይቀመጣል፤ ምድጃ ሲገባ ያ ነጭ ነገር ቀልጦ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ እስኪተኮስ ማንም በጣቱ እንኳ አይነካውም።

ሃያ አራት ዶቃና ጥፍር የምታክል ዓሣ ሠርቼ ነበር። አርብ ከሰዓት አርትስ ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ባለች ጋለሪ ውስጥ የሸክላ ሥራ ክፍላችን ሥራ ይታያል፤ መምህሬ ለእኔ ብቻ አንድ ሙሉ የመስታወት ሳጥን ሰጥታኛለች።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስገባ ዶቃዎቹ ፎጣ ላይ ተደርድረዋል። ንጹሕ፣ ደብዛዛ። ዓሣዋ ጭራ የላትም።

«እማዬ፣ ምን አደረግሻቸው?»

«አጸዳሁልሽ። ጨው በልቷቸው ነበር እኮ! ኮምጣጤ ሲነካቸው እንዴት እንደፈሉ ብታዪ።» ከአየር ማረፊያው ሺፍቷ የመጣችበትን ዩኒፎርም አላወለቀችም፤ ፊቷ በኩራት ያበራል።

«እሱ እኮ ነው ሰማያዊ የሚሆነው!»

«ነጩ?»

«አዎ፣ ነጩ!»

«ታዲያ አትነግሪኝም? እሁድ ማኅበርተኞቼ ይመጣሉ፣ አንቺ መስኮቴን የጠንቋይ ቤት አስመስለሽ…»

በሩን ዘግቼ ገባሁ። አንድ የረሳሁት ጩኸት ስለነበረ መልሼ ከፈትኩት።

መምህሬን ቴክስት አደረግሁ። የተጠረጉት አይመለሱም፤ ሐሙስ ጠዋት አዲስ ካመጣሽ ግን እተኩስልሻለሁ አለችኝ። ደግነቱ ዱቄቱ ተርፎኛል፤ በዚህ ከተማ አየር ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይደርቃል። ማቡካት ስጀምር እናቴ ሳልጠራት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እንዲህ ነው?»

እንዲያ ነበር። የእሷ ዶቃዎች እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍሬ እኩል፣ የኔዎቹ የታኘከ ማስቲካ። ሁለት ሳምንት የተማርኩትን በአሥር ደቂቃ! ንዴቴ ባሰ።

ረቡዕ ነጩ ወጣ። እናቴ በመስኮቱ ባለፈች ቁጥር እጇን ወደ ኋላ ታጣምራለች። «አይነካም» ብላም በትልቁ ጽፋ ለጠፈች። ቤቱ ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን።

አርብ ሁሉም እንደ መዋኛ ገንዳ ሰማያዊ ሆነው ሳጥኑ ውስጥ ተቀመጡ። አንዲት ሴትዮ ማን እንደሠራቸው ጠየቀች።

«ክብ ክቦቹን እኔ» አለች እናቴ።

እውነቷን ነው። እሷ ግን ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ስትል አላስቻለኝም።

«እማዬ!»

«መስታወቱን ነው» አለችኝ፣ እየጠረገች።