መንገዱን በእግሩ የሚመለሰው ሾፌር

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። በዚያ ሁሉ ዓመት ሰው ቀርቶ የቆመ መኪና መስታወት አልነካም። ጓደኞቹ «እንቁላል እንደጫነ ነው የሚነዳው» ብለው «እንቁላሌ» ይሉታል። እሱም ስሙን ወዶታል። «ሾፌር ‹አውሎ ነፋስ› ተብሎ ከሚታወቅ ‹እንቁላሌ› ቢባል ይሻለዋል» ይል ነበር።

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከገበያው ጀርባ ባለው ኩርባ ላይ የኋላ ጎማው ዘለል አለ። በመስታወት አየ፤ ምንም የለም። የጮኸም የሮጠም ሰው አልነበረም። መንገዱን ቀጠለ። ሁለት ፌርማታ እንዳለፈ ግን አንድ ሐሳብ ሹልክ ብሎ ገባ፦ «ሰው ቢሆንስ?»

ፈረቃውን ሲጨርስ በእግሩ ተመልሶ ኩርባውን አየ። የተጨፈለቀ የፕላስቲክ ሣጥን ወድቋል። እፎይ አለ። እፎይታው ግን ቤቱ ሳይደርስ አለቀበት። «ሣጥኑን ሌላ መኪና ጨፍልቆት ቢሆንስ?»

ከዚያ ወዲህ ጎማው በነጠረ ቁጥር ልቡ አብሮ ይነጥር ጀመር። ተሳፋሪ ጭኖ እያለ አውቶቡሱን አቁሞ ይወርድና ከሥር አጎንብሶ ያያል። ስድስት ዓመት አብራው የሠራችው ትኬት ቆራጭ ምላሷ ስለት ነው። «አንተ ሰው፣ ከሥር የቀበርከው ወርቅ አለ እንዴ?» ስትለው ተሳፋሪው ሳቀ። እሱም ሳቀና ደግሞ አጎነበሰ። የስምሪት ኃላፊው «አንድ ቅሬታ ብቻ ይጨመር፣ ከመሪ አውርጄ መጋዘን ነው የማስገባህ» አለው። ወር ሳይሞላ ከፈረቃ በኋላ የመስመሩን ስምንት ኪሎ ሜትር በሙሉ በእግሩ እየተመለሰ ያይ ጀመር።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ይዘገያል፤ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ አፉ ተለጉሞ ይገባል። ነገሩ አልጥም ሲላት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዋን ሸፈነች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ተከተለችው። ኩርባው ጋ ሲደርስ ቁጭ ብሎ አስፋልቱን በመዳፉ ሲዳብስ፣ ጣቱን ሲያሸት አየችው። ተነሥቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄደ፤ ደግሞ ተመለሰ። መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳው የመጣችውን ስድብ ተወችው።

«ምን ጠፋብህ?»

ደንግጦ ብድግ አለ። «ሰው» አላት።

«የምን ሰው?»

«አላውቅም። ገጭቼው ይሆናል።»

«ውሽማ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «እሷንስ ጸጉሯን ይዤ እጎትታታለሁ። ይሄ በምኑ ይያዛል?»

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰደችው። የአእምሮ ሐኪሙ አልሳቀም። በሽታው የታወቀ እንደሆነ፣ ብዙ ሰው ደብቆት እንደሚኖር ነገራቸው። ክኒን ጻፈና ከሥሩ ሦስት የውጭ ፊደላት ጨመረ። «ክኒኑ ያግዛል፤ ዋናው ግን ይሄኛው ነው። እዚህ ይሠራ የነበረው ባለሙያ ለቋል፤ ከውጭ ፈልጉ» አለ። «ምንድን ነው?» ሊሉ ሲሉ ቀጣዩ ታማሚ በሩን ከፍቶ ገባ።

የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ ክኒኑን ሰጠቻቸው። ሦስቱን ፊደላት ግን ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አየችና «ይሄ እኛ ጋ የለም፣ አባቴ። ፎቅ ጠይቁ» አለች። ፎቅ ላይ ያገኙት የራጅ ክፍሉን ነው።

«ሲቲ ስካን ነው? የደረት ነው የጭንቅላት?» አለ በሩ ላይ የቆመው ሠራተኛ።

ባልና ሚስት ተያዩ። «የጭንቅላት… ይመስለኛል» አለች ሚስት።

አግዳሚው ላይ ሦስት ሩብ ሰዓት ከተቀመጡ በኋላ የማሽኑ ባለሙያ ወረቀቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። «እናቴ፣ ይሄ ሲቲ አይደለም፤ ሲ ቢ ቲ ነው። ማሽን የለውም። ሐሳብንና ልማድን የሚያክም፣ በንግግር የሚሠራ ሕክምና ነው።»

«ንግግርማ ቤትም ሞልቷል» አለ ሾፌሩ።

ሆኖም ፍለጋው ተጀመረ። ከአንድ የቤት ዕቃ ሱቅ በላይ «የምክር አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ አገኙ። አማካሪው ክራቫት ያሰረ ግዙፍ ሰው ነው። ወረቀቱን ገና ሳያነብ «እሱንማ ስንሠራው ኖረን!» አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ራሱ ተናገረ። በመጨረሻም የሾፌሩን እጅ ያዘና «ወንድሜ፣ ማንንም አልገጨህም። ይሄን በእርግጠኝነት እነግርሃለሁ» አለው። ሾፌሩ ላባ ሆኖ ቀለለ። ደረጃውን ሲወርድ ግን ቆም አለ። «እሱ በምን አወቀ? አልነበረም እኮ።»

ሁለተኛዋ ረጋ ያለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበረች። ስድስት ሳምንት ስለ ልጅነቱ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ሟች ወንድሙ ጠየቀችው። ያላለቀሰውን ልቅሶ ሁሉ እዚያ ክፍል አለቀሰ። ልቡ ታጥቦ ይወጣና ስምንቱን ኪሎ ሜትር ይመለሳል። ይህንን ሲነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። የእኔ ሥራ ሌላ ዓይነት ነው፤ ቀድሜ ልነግርዎት ይገባ ነበር።»

«ሐኪም ሐኪም አይደለም እንዴ?»

«ሾፌር ሁሉ ባቡር ይነዳል?»

ይሄ ገባው። የአንዲት ባለሙያ ስልክ ጻፈችለትና «ማንም ጋ ሲደውሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ» አለችው፤ «የቤት ሥራ ይሰጣሉ? ፍርሃቱ ያለበት ቦታ ድረስ አብረው ይሄዳሉ?»

የሦስተኛዋ ክፍል ከጥርስ ሕክምና ጀርባ ነው፤ ጥርስ ሲቦረቦር ይሰማል። በሩን የከፈተችለት ሴት የትልቋ ልጁ እኩያ ናት። «ሐኪሟ የለችም?» አላት።

«እኔው ነኝ፣ ጋሼ። ይቀመጡ።»

ስለ አባቱ አልጠየቀችውም። በቀን ስንቴ እንደሚመለስ፣ እፎይታው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ጠየቀችው። ከዚያ ወረቀት ላይ ፍርሃት፣ ማየት፣ እፎይታ፣ ደግሞ ፍርሃት ብላ ጽፋ በቀስት አዞረቻቸው። «አንዴ አይተው ያለቀለት ቀን አለ?»

አሰበ። የለም። «እሺ አንቺ ንገሪኝ። ገጭቻለሁ ወይስ አልገጨሁም?»

«አላውቅም።»

«ሐኪም አይደለሽም እንዴ?»

«ብነግርዎትስ፣ ለስንት ሰዓት ይበቃዎታል?»

ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ቤቱ ሲገባም ንዴቱ አልበረደም። «ፍርሃቴን የምታክም ብፈልግ የምትጨምር አገኘሁ!»

«የቤት ሥራ ሰጠችህ?» አለች ሚስቱ።

«ሰጠች።»

«እንግዲያው እሷ ናት።»

የቤት ሥራው በመስታወት አንዴ ብቻ አይቶ ማለፍ፣ በእግር አለመመለስ፣ ሚስቱንም አለመጠየቅ ነው። ሚስትም ድርሻ አላት፤ ቢጠይቅ ማጽናናት ክልክል ነው። በመጀመሪያው ቀን እራት ላይ አልቻለም። «ድልድዩ ጋ… ገጭቼ ይሆን እንዴ?» አለ።

ሌላ ጊዜ «አልገጨህም፣ ይልቅ ብላ» ነበር የምትለው። አሁን ከንፈሯን ነከሰች። «ሊሆን ይችላል» አለች ወጥ እየጨመረችለት። ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ። ይሳቅ ይለቀስ ሁለቱም አላወቁም።

በሳምንቱ ባለሙያዋ ትኬት ቆርጣ ከኋላው ተቀመጠች። ኩርባው ላይ ጎማው ነጠረ። ላቡ አገጩ ድረስ ወረደ።

«ፍርሃቱ ከአሥር ስንት ነው?» አለችው።

«አሥር!»

«የማን ጨዋታ ነው? ማን ነው አሥር ያገባው?» አለች ትኬት ቆራጯ።

ድልድዩ ጋ ስምንት ሆነ። ከዚያ ስድስት። መጨረሻው ፌርማታ ላይ አራት። አልወረደም፣ አላየም፣ ያጽናናውም ሰው የለም። ፍርሃቱ ግን ቀነሰ። ይሄ ጭራሽ አልገባውም።

አራት ወር ፈጀ። ዝናብ በበረታበት ሳምንት ሁለቴ በእግሩ ተመልሶ ለባለሙያዋ አፍሮ ተናዘዘ፤ እሷም መዝግባ ሥራዋን ቀጠለች። የስምሪት ኃላፊው ስለ መጋዘን ማውራቱን ተወ። ሾፌሩ አሁን በጊዜ ቤቱ ይገባና ሚስቱ ስትሰፋ ጨርቁን ይይዝላታል። አንዳንድ ቀን ሐሳቡ ይመጣል። ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፤ ሲመሽበት ይሄዳል።

በቅርቡ አንድ ባልደረባው ወደ ጥግ ወስዶት፣ የቤቱን በር ቆልፎ አሥሬ እየተመለሰ እንደሚያይ በሹክሹክታ ነገረው። «አንተ በምን ዳንክ?» አለው። ሾፌሩ ሊያስረዳው ሞከረ፤ ከወረቀቱ ጀመረ፣ ከራጅ ክፍሉ ጋር ተምታታበት፣ ቀስቶቹን በአየር ላይ ሣለ። ባልደረባው አፉን ከፍቶ አየው። በመጨረሻ «እኔም በደንብ አልገባኝም» አለና የባለሙያዋን ስልክ ጽፎ ሰጠው።