በመርፌ የቆሙ የጭቃ ሴቶች

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች ሞልተዋል፤ ጌጤን የሚመርጧት ግን እጇ ስለሚያምር ብቻ አልነበረም። ጌጤ ርጋፊ ጸጉር አትጥልም። ጎንጉና ስትጨርስ ሚዶው ላይ የቀረውን፣ ነጠላ ላይ የወደቀውን፣ መሬት የነካውን ሁሉ ለቃቅማ በጣቷ ትጠቀልልና ለባለጸጉሯ በእጇ ታስይዛታለች። "እንኪ፣ ቅበሪው፣ የሰው እጅ እንዳይገባ" ትላለች። የሰው እጅ የገባ ጸጉር መተት ይሠራበታል፤ ይህን በይፋት ቆላ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲሰማ ነው ያደገው። የማያምን ቢኖር እንኳ ጸጉሩን አይጥልም። አላምንም፣ ግን ለምን ልፈትነው ነው ነገሩ።

በዚህ እምነት ነው ጌጤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን ሕይወትን ያሳደገችው።

ሕይወት ከትንሽነቷ ጀምሮ ደብተር ጠርዝ ላይ ሰው ትሥል ነበር። አንዱ ገጽ ላይ እግሩን ያነሣ፣ በሚቀጥለው ትንሽ የዘረጋ፣ በሚቀጥለው ያሳረፈ፤ ገጾቹን በአውራ ጣቷ ቶሎ ቶሎ ስትለቃቸው ሰውዬው ይሮጣል። የሒሳብ አስተማሪዋ ደብተሩን ቀማት፤ መምህራን ክፍል ገብቶ ራሱ ሲያስሮጠው ዋለ አሉ። ዐሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ አዲስ አበባ፣ ሚዲያ የሚያስተምር ኮሌጅ ገባች። ጌጤ "ልጄ ዜና አንባቢ ልትሆን ነው" ብላ ላገኘችው ሁሉ አወራች። ልጅቷ ግን ካሜራ መያዝ፣ ፊልም መቁረጥና መቀጠል፣ በኮምፒውተር መሣል ተማረችና ጭራሽ አኒሜሽን የሚሉት ነገር ውስጥ ገባች። ጌጤ ቃሉን እስከ ዛሬ አስተካክላ አትጠራውም።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ሕይወት የኮሌጁን ካሜራና አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። የመመረቂያ ሥራዋን፣ የሦስት ደቂቃ ፊልም፣ እስከ ነሐሴ ሠላሳ ካላስረከበች አትመረቅም። ይህን ለእናቷ ነገረቻት። ፊልሙ በምን እንደሚሠራ ግን አልነገረቻትም።

ገና በሳምንቱ ነገሩ ጌጤን አላማራትም። በዚያ በሚያፍን ሙቀት ልጅቷ የጓዳውን መስኮት በብርድ ልብስ ጋረደች። በጠራራ ፀሐይ አምፖል ታበራለች፤ በሩን ከውስጥ ትቀረቅራለች። ጌጤ በረንዳ ላይ ጸጉር እየጎነጎነች ጆሮዋን ትጥላለች። ጠቅ ይላል። ዝም ይላል። ደግሞ ጠቅ። ከዚያ ልጅቷ አንዴ እንደ አሮጊት ታስላለች፣ አንዴ እንደ ሴት ወይዘሮ ትሥቃለች።

"ማንን ነው የምታናግሪው?"

"ማንንም።"

"ማንንም ይሥቃል እንዴ?"

"ሥራ ነው እማዬ፣ ተይኝ።"

ምን ዓይነት ሥራ ነው ተሸሽጎ የሚሠራ? ደግ ነገር ቢሆን በር ይዘጋበት ነበር?

እትዬ ዘነበች ነገሩን አባባሱት። እትዬ ዘነበች አውራ ጎዳናው ዳር የአይሱዙ ሹፌሮች የሚበሉበት ምግብ ቤት አላቸው፤ የሰፈሩ ሴቶች የቀበሌ አንድ ለአምስት ቡድን ጠርናፊም ናቸው። ሳይጠይቁ ያለፉት ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ቅዳሜ ጸጉራቸውን ሊሠሩ መጥተው በርጩማው ላይ እንደተቀመጡ ጀመሩ።

"ጌጤ፣ ልጅሽ ካሜራ ይዛ ነው አሉ የመጣችው። ምን ትቀርጻለች?"

"ትምህርቷን ነው እትዬ።"

"ትምህርት በር ዘግቶ? ብቻ አንቺም ዓይንሽን ግለጪ።" እግራቸውን ዘርግተው አሹት። "ይኸው እኔም ከሰኔ ወዲህ ውስጥ እግሬን እንደ መርፌ ይወጋኛል። ጠበሉም ሐኪሙም አላወቀልኝ።"

ከንጋት እስከ ማታ ቆሞ የሚውል እግር ባይወጋው ነበር የሚገርመው፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው!

የዚያን ዕለት ጌጤ ርጋፊውን ጠቅልላ ስታስይዛቸው ጥቅሉ አነሰባት። ሃያ ዓመት የያዘችው ነገር ነው፣ ጣቷ ያውቃል። ቅድም ሕይወት መጥረጊያ ይዛ በረንዳውን ጠረግ ጠረግ ስታደርግ ነበር። ሕይወት! ተለምና እንኳ የማትጠርገው ልጅ! ጌጤ ለእትዬ ዘነበች ምንም አልተነፈሰችም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ግን ከዚያ ቀን ጀምራ ልጇን ትጠብቅ ጀመር።

ማክሰኞ ተሳካላት። ሽንኩርት ነጋዴዋ ጎረቤታቸው ሐቢባ ግማሽ ጭንቅላቷ ተሠርቶ ሳለ ሕይወት ሱቅ ደርሳ ልትመጣ ወጣች። በሩን ዘጋችው እንጂ አልቆለፈችውም። ጌጤ "ሐቢባ፣ አንዴ ሚዶ ላምጣ" ብላ ገባች። ሚዶው እጇ ላይ ነበር።

በስመ አብ!

ጠረጴዛው ላይ የራሷ በረንዳ አለ፤ ከካርቶን የተሠራ፣ በርጩማው ሳይቀር። በረንዳው ላይ ስንዝር የማይሞሉ አምስት የጭቃ ሴቶች አሉ። አንዷ ራሷ ጌጤ ናት። አንዷ ሐቢባ። ወገቧን ይዛ የቆመችው ወፍራሟ እትዬ ዘነበች ለመሆኗ ዕውርም አይስታትም። ጸጉራቸው ደግሞ የሰው ጸጉር ነው። የእትዬ ዘነበች ሽበት ከነቅቤው ጭቃዋ አናት ላይ ተጎንጉኗል። አጠገቧ ከወረቀት የተቆረጡ ስምንት አፎች ተደርድረዋል፤ የተከፈተ፣ የተዘጋ፣ ጥርስ ያሳየ። ጌጤ ጎንበስ ብላ የጭቃዋን ዘነበች እግር አየች። በሁለቱም እግሮቿ መርፌ ገብቶ ሳንቃው ላይ ተሰክቷል።

ልጄን ማን ነው እንዲህ ያበላሸብኝ? ራሴን አስርቤ ያስተማርኳት ይህንን ነው? የእትዬ ዘነበች እግር በሰኔ መታመሙን፣ ልጅቷ የመጣችው ግን በሐምሌ መሆኑን በዚያ ድንጋጤ ማን ይቁጠር! እመቤቴን እየጠራች መርፌውን ትነቅለው ጀመር። የጭቃዋ ዘነበች በግንባሯ ተደፋችና ክንዷ ተሰበረ።

"እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?" ሕይወት በሩ ላይ ቆማለች።

"አንቺ ነሽ ምን የምታደርጊው! የዘነበችን ጸጉር ከእጄ የሰረቅሽ አንቺ! እግሯ ላይ መርፌ የሰካሽ አንቺ!"

"ካልተሰካች አትቆምማ! ስትራመድ በአንድ እግሯ ነው የምትቆመው፤ እንዳትወድቅብኝ ነው። ትንሽ አንቀሳቅሳትና ፎቶ አነሣታለሁ፣ ደግሞ ትንሽ አንቀሳቅሳታለሁ። ስትናገር አፏን እቀይርላታለሁ፣ ሳሏንና ሣቋንም እኔው ነኝ የማወጣው። ለአንድ ሰከንድ ዐሥራ ሁለት ፎቶ! ከትናንት ጠዋት ጀምሬ በረንዳውን ገና አላሻገርኳትም፤ ይኸው ሥራዬን ገደልሽው!"

ላፕቶፑን ከፍታ አሳየቻት። የጭቃዋ ዘነበች እግሯን እየጎተተች መጣች፤ ወገቧን ያዘች፤ አፏን ከፍታ ተነፈሰች። ቁርጥ እሳቸው። ጌጤ ሣቅ አመለጣት፣ ወዲያውም ሣቋ ራሱ አስፈራት። ጭቃ ሲራመድ አይታ እንዴት ልቧ ይመለስ?

"ጸጉሩስ? ክር ጠፍቶ ነው?"

"ክር ክር ይመስላላ። ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው።"

"እንዴታ!"

በረንዳው ላይ ሐቢባ ሁሉንም ሰምታለች። "አዑዙ ቢላህ!" አለችና ግማሽ ጭንቅላቷ ሹሩባ፣ ግማሹ ጨብራራ እንደሆነ ሻርፗን ጣል አድርጋ ሄደች። ሰዓት ሳይሞላ እትዬ ዘነበች ሐቢባንና ሌሎች ሁለት ሴቶችን አስከትለው ከች አሉ። ያ የታመመ እግር ያን ቀን እንዴት እንደፈጠነ!

"ጌጤ! ጸጉሬ ከእጅሽ ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ልጅሽን ጥሪልኝ!"

ጌጤ ደጃፉን ሞልታ ቆመች። አልወጣም ብትል ሐቢባ ሰምታለች። ልጄ ሰረቀችኝ ብትል እውነት ነው፤ እንጀራዋም አይነካም፣ ሴቶቹም ነገ ይመጣሉ። ልጅቷስ? መተተኛ የተባለች ልጅ ከዚያ ወዲያ በዚህ አገር ማን ያገባታል፣ ማን ቤቱ ያስገባታል? ፊልሟን ብታሳያቸው ደግሞ ጭቃ የምታስኬድ ናት ይሏታል፣ ይብሳል።

"ወጥቷል። እኔ ነኝ የሰጠኋት" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ለትምህርቷ ጸጉር ያስፈልገኛል ብትለኝ ከሁላችሁም ርጋፊ ቀንሼ በእጄ ሰጠኋት። የማን እንደሆነ እንኳ አልነገርኳትም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሐቢባ የሰማችው ይህን አልነበረም። አፏን ከፈተች፤ ጌጤን አየቻት፤ ሻርፗን አስተካክላ ዝም አለች። እሷም ሴት ልጅ አላት።

"ሃያ ዓመት!" አሉ እትዬ ዘነበች። ይቆጣሉ ሲባል ድምፃቸው ተሰበረ። "ሃያ ዓመት ራሴን አምኜ ስሰጥሽ!"

ጌጤ ገብታ ጸጉሩን ከጭቃዎቹ አናት ላይ እየነቀለች ለየባለቤቶቹ አስረከበች። ማንም አልሰደባትም። ተቀብለው በመሐረባቸው እየቋጠሩ ሄዱ።

ረቡዕ ደጇን የረገጠ የለም። ሐሙስም የለም። ዓርብ በማለዳ የሁለት ዓመት ደንበኛዋ የነበረች ሴት በፊት ለፊቷ አልፋ ማዶ ያለችው ሹሩባ ሠሪ ቤት ስትገባ ጌጤ አየቻት። ወደ ጓዳ ስትመለስ ሕይወት ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ትከታለች፤ ጠረጴዛው ላይ ራሰ በራ የጭቃ ሴቶች ተጋድመዋል።

"ተይው እማዬ። ቢቀርስ።"

"ምኑ ነው የሚቀረው?"

"ፊልሙ። በኔ የተነሣ እንጀራሽን..."

"ዝም በይ!" ጌጤ ደሟ ፈላ። "ለዚህ ነው እንዴ አገር ያዋረደኝ? ልትተይው ነው ያን ሁሉ የዋሸሁት?" በርጩማውን ከበረንዳው አምጥታ ጠረጴዛው አጠገብ አኖረችና ተቀመጠችበት። ሻሿን ፈታች። መቀሱን ለልጇ ዘረጋችላት።

"ቁረጪ።"

"እማዬ፣ አይሆንም።"

"ቁረጪ አልኩ! ለአምስቱም ይበቃል። ሽበቱ ከጆሮዬ በላይ ነው፣ እሱን ለዘነበች አድርጊላት።"

ሕይወት መቀሱን ያዘች፤ እንባዋ የእናቷ ማጅራት ላይ ወረደ። ጌጤ ጭቃዎቹን አንድ በአንድ በዓይኗ ትመረምራቸዋለች፤ በተለይ ራሷን የምትመስለውን።

"አሁን አመንሽኝ አይደል እማዬ? መተት እንዳልሆነ?"

"አላመንኩሽም" አለች ጌጤ። "ልጄ ስለሆንሽ ነው። ቁረጪ።"